የዱር ፍሬ በገና ኬክ

በአውስትራሊያ የገና በዓል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን ሲውል ወቅቱ የበጋው ሙቀት የሚበረታበት፣ ብዙ ቤተሰብም የበዓሉን ምሳ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በባሕር ዳርቻ የሚበላበት ቢሆንም፣ በማዕዱ ላይ የሚቆረሰው ኬክ ግን የእንግሊዝ አገር ብርድ የወለደው ነው። ይህ ኬክ በየሻይ ቤቱ የሚሸጠው ለስላሳና ክሬም የተቀባ ኬክ አይደለም፤ ከዱቄቱ ፍሬው የሚበዛበት፣ በዘቢብ፣ በደረቀ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ፣ በስኳር በተዘፈዘፈ ቼሪ የታጨቀ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የሚሸት፣ ብራንዲ ወይም ሩም የጠጣ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሦስት ሰዓት ያህል የሚጋገርና ለሳምንታት ሳይበላሽ የሚቆይ ከባድ ኬክ ነው። እንግሊዞች ደረቅ ፍሬን የመረጡት በበዓሉ ሰሞን በአገራቸው ትኩስ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ስለማይኖርና ከሜድትራንያን ዳርቻ በመርከብ የሚመጣው ዘቢብ ለበዓል የሚቆጠብ ውድ ዕቃ ስለነበር ነው። በ1788 መርከቦቻቸው እስረኞችንና ጠባቂዎቻቸውን ጭነው ዛሬ ሲድኒ ባለችበት ወደብ ሲያርፉ ልማዱም አብሮ ተሻገረ፤ ወቅቱ ቢገለበጥም ኬኩ አልተለወጠም። በ1887 በመሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሚልዱራ የመስኖ እርሻ ከተመሠረተና ወይን በሰፊው ከለማ በኋላማ ዘቢቡ ራሱ የአገር ውስጥ ምርት ሆነ፤ ኬኩን የመለወጥ ምክንያትም ይበልጥ ራቀ።

አህጉሩ ግን የራሱን ፍሬ አጥቶ አያውቅም። አቦርጂናል የሚባሉት ጥንታውያን የአውስትራሊያ ሕዝቦች ከ50,000 ዓመት በላይ በኖሩበት ምድር የትኛው ፍሬ በየትኛው ወቅት እንደሚበስል፣ የትኛው ጥሬውን እንደሚበላ፣ የትኛው ደርቆ ለችግር ቀን እንደሚቀመጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ዛሬ ይህ ምግብ በእንግሊዝኛው አጠራር «ቡሽ ታከር» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ቡሽ» ማለት የአማርኛ አንባቢ እንደሚያውቀው የጠርሙስ መክደኛ ሳይሆን ከከተማና ከእርሻ ውጭ ያለው ዱርና በረሃ ሲሆን፣ «ታከር» ደግሞ ተራ ሰው ለምግብ የሚሰጠው ስም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የገጠር ሠፋሪዎች ዘቢብ ሲያጥራቸው ከእነዚህ ፍሬዎች ማርማላታና የተሸፈነ ኬክ ይሠሩ እንደነበር የታወቀ ነው፤ የታሸገ ፍሬና ስኳር በየሱቁ በርካሽ ሲገኝ ግን ልማዱ ወደ ጥቂት የገጠር ቤቶች ተገፍቶ ቆየና ከ1980ዎቹ ወዲህ በምግብ ቤቶች በኩል እንደገና ብቅ አለ። ከምግብ ቤት ወደ ቤት ምድጃ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመሻገሩም ላይ እስከ ዛሬ ያልተፈታ አንድ ችግር አብሮት ተሻግሯል።

ችግሩ የስም ነው። ሠፋሪዎቹ ያላወቁትን ፍሬ ሁሉ በሚያውቁት ፍሬ ስም ጠሩት፤ ቀይ ሆኖ ዘሩ ትልቅ ከሆነ «የአገሬው ኮክ»፣ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው «ፕለም» ማለትም ፕሪም፣ ደርቆ ከተጨማደደ «የበረሃ ዘቢብ» አሉት። ዛሬ የበዓል ኬክ የሚጋግር ሰው የምግብ አሠራሩ ፕለም ሲል በአገር በቀሉ ፕለም፣ ዘቢብ ሲል በበረሃው ዘቢብ ቢተካ ኬኩ ወይ ጥርስ የሚያደርቅ ኮምጣጣ ይሆናል፣ ወይ ከመሃሉ ሳይበስል ይቀራል። መተካት ያለበት የፍሬው ስም ሳይሆን ፍሬው በኬኩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ዘቢብ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ ኬኩን ያጣፍጣል፣ እርጥበቱን ይዞ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ለቢላዋ የሚከብድ አካል ይሰጠዋል፣ ሻጋታንም ያዘገያል። የአውስትራሊያ የዱር ፍሬዎች አብዛኞቹ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ስኳራቸው ጥቂት፣ ኮምጣጣነታቸው ብዙ ነውና። እነርሱ የሚያመጡት ሌላ ነገር ነው፤ የዘቢብን ድፍን ጣፋጭነት የሚሰብር ኮምጣጣ ጣዕም፣ ቅመም የሚተካ መዓዛና ሰው ሠራሽ ያልሆነ ቀለም ያመጣሉ። ስለዚህ ዘቢቡን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በዱር ፍሬ የሚተካ አሠራር፣ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከምድጃ ሲወጣ የሚያሳዝን ነው፤ ከፍሬው ጠቅላላ ክብደት ሩቡን መተካት በቂ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠቀስ የሚገባው ኳንዶንግ ነው። ስሙ የመጣው ዛሬ ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባለው ግዛት መሃል ከሚኖሩት የዊራጁሪ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ ዛፉ በደቡባዊው የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ይበቅላል። ፍሬው ደማቅ ቀይ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሥጋው ስስ ሆኖ በመሃሉ እንደ አንጎል የተጨማደደ ጠንካራ ዘር የያዘ ነው፤ ጣዕሙም ያልጣፈጠ አፕሪኮትን ያስታውሳል። ኢሙ፣ ማለትም መብረር የማይችለውና ሰጎን የሚመስለው ትልቅ ወፍ፣ ፍሬውን ውጦ ዘሩን በሩቅ ስለሚጥል ከዛፉ መስፋፋት ጀርባ ያለ ባለውለታ ነው። ተክሉ ጥሩ መዓዛ ካለው የሰንደል እንጨት ጋር የአንድ ወገን ልጅ ሲሆን፣ እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ከፊል ጥገኛ ነው፤ ይህም ማለት በቅጠሉ የራሱን ምግብ እየሠራ፣ ሥሩን ግን በጎረቤት ተክሎች ሥር ላይ ተክሎ ውኃና ማዕድን ይስባል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጠባይ ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም፤ በቆላና በወይና ደጋ የሚበቅለው፣ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ኮምጣጣው እንኮይ፣ ከኳንዶንግ ጋር በአንድ ሰፊ የዕፅዋት ነገድ ውስጥ የሚመደብና እርሱም ሥሩን በሌላው ሥር ላይ የሚተክል ከፊል ጥገኛ ነው።

ኳንዶንግ የሚበስለው ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ በአውስትራሊያ የጸደይ ወራት ነው፤ ይሁን እንጂ ሥጋው ከዘሩ ተላቆ ሲደርቅ ለዓመታት ስለሚቀመጥ ለገና ኬክ ከሁሉም ይመቻል። ደረቁን እንዳለ ወደ ሊጥ መጨመር ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ስኳሩ ጥቂት ስለሆነ እንደ ዘቢብ አይለሰልስም፤ ከሊጡ ውስጥ ፈሳሹን መጦ ዙሪያውን ያደርቃል፣ ራሱም እንደ ቆዳ ይቀራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ደረቁ ኳንዶንግ በብርቱካን ጭማቂ ወይም በውኃ ተነክሮ ያድራል፣ ጠዋት ካበጠ በኋላ ከተነከረበት ፈሳሽ ጋር በቀስታ እሳት ላይ ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ 250 ግራም ያበጠ ፍሬ 100 ግራም ያህል ስኳር ይጨመርበታል፣ ፈሳሹ ወፍሮ ፍሬውን እስኪለብሰው ድረስ ይንተከተካል። በዚህ መንገድ ፍሬው የጎደለውን ስኳር ያገኛል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ፍሬ በሚጠይቅ ኬክ ውስጥ የአፕሪኮቱን ወይም የቼሪውን 250 ግራም በልኩ ይተካል። ኳንዶንግ በእጁ የሌለ ሰው በአንጻሩ ደረቅ አፕሪኮትን ቆራርጦ፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምቆበት ቢጠቀም ከጣዕሙ ብዙ አይርቅም፤ መዓዛው ግን አይገኝም።

ሁለተኛው ፍሬ ሪቤሪ ነው፤ ለዚህም የአማርኛ አንባቢ ሁለት መሪዎች አሉት። በምሥራቃዊው የአውስትራሊያ ዝናባማ ደን የሚበቅለው ይህ ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ ሲዚጂየም ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ በዚሁ ወገን ውስጥ በአንድ በኩል የወጥ ቤቱ ቅርንፉድ፣ በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ዶቅማ ይገኛሉ። ሪቤሪ በመልኩ ክብ ሳይሆን ወደ ጫፉ የሚጠብብ ትንሽ ቀላ ያለ ፍሬ ነው፤ በጣዕሙ ግን ዘመዱን ቅርንፉድን ይመስላል፣ ከኋላውም የቀረፋ ሽታ ይከተላል። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሪቤሪ የሚገባበት ኬክ ቅርንፉዱ ሊቀነስ፣ እንዲያውም ፈጽሞ ሊቀር ይገባል፤ አለዚያ ሁለቱ ተደራርበው የጥርስ መድኃኒት ይሸታሉ። በሥራው ሪቤሪ የሚተካው በአሜሪካና በአውሮፓ በበዓል የሚዘወተረውን ክራንቤሪ የተባለ ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። አንዳንዱ ዛፍ ዘር ያለው፣ አንዳንዱ ዘር አልባ ፍሬ ስለሚሰጥ ከመጋገር በፊት ጥቂቱን ቆርጦ ማየት ያስፈልጋል። ቀዝቅዞ የተቀመጠውን ደግሞ በረዶው ሳይቀልጥ ዱቄት አልብሶ በመጨረሻ ወደ ሊጡ ማግባት ይበጃል፤ ከቀለጠ ጭማቂው ኬኩን ያዥጎረጉረዋል፣ ፍሬውም ወደ ታች ይሰምጣል።

ሦስተኛው፣ ዴቪድሰን ፕለም የተባለው ፍሬ፣ ከፕሪም ጋር ዝምድና የለውም። ሦስት ዝርያዎች አሉት፤ አንዱ በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ሁለቱ በሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ አካባቢ የሚገኙ ሲሆን፣ ሁለቱ የደቡብ ዝርያዎች በዱር ከመጥፋት አፋፍ የደረሱ ተብለው በሕግ የተመዘገቡ ናቸው። ፍሬው በውጭ ጥቁር ሐምራዊ፣ በውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ጥሬውን አንድ ጊዜ የነከሰ ሁለተኛ የማይደግመው ዓይነት ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር በኮምጣጣ ውስጥ ቀይ ሆኖ ሲቆይ ኮምጣጣው በሶዳ ሲረታ ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ ይለወጣል። ብዙ ሰው ኬኩ ለምን የአመድ መልክ እንደያዘ የማይገባው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ምክንያቱ ፍሬው ሳይሆን ቤኪንግ ሶዳው ነው። በሶዳ ምትክ አሲዱና ሶዳው ተመጣጥነው የተቀላቀሉበትን ቤኪንግ ፓውደር መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳል። የተሻለው መላ ግን ፍሬውን ከሊጡ ጨርሶ ማውጣት ነው፤ ከግማሽ ክብደቱ ባላነሰ ስኳር ተቀቅሎ ማርማላታ ሲሆን በኬኩ ላይ ይቀባል፣ በፑዲንግ ላይ ይፈሳል፣ ወይም «ሚንስ ፓይ» በሚባለው ትንሽ የበዓል ቂጣ ውስጥ ከዘቢቡ ጋር ይቀላቀላል። በዚያ ቦታ ቀይነቱም ኮምጣጣነቱም ዋጋ ያገኛሉ።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ፍሬዎች በአጭሩ ቢታለፉ አይጎዳም። ማንትሪስ በደቡብ ባሕር ዳርቻ በምድር ላይ የሚሳብ ቁጥቋጦ ፍሬ ሲሆን ቅመም የነካው ፖም ይመስላል፤ ዘቢብን ለመተካት በጣዕም ከሁሉም የሚቀርበው እርሱ ነው። የበረሃ ሎሚ ከነልጣጩ የሚበላ የጣት ጫፍ የሚያህል ሎሚ ስለሆነ በስኳር ተንተክትኮ የደረቀውን የብርቱካን ልጣጭ ይተካል። ጣት የመሰለው ፊንገር ላይም ውስጡ እንደ ዓሣ ዕንቁላል በተናጠሉ ጭማቂ ያዘሉ እንክብሎች የተሞላ ነው፤ እንክብሉ በእሳት ስለሚፈነዳ ወደ ምድጃ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከኬኩ ላይ ሲቀርብ ብቻ ይነሰነሳል። የበረሃ ዘቢብ የተባለው ደግሞ እንደ ቲማቲምና እንደ ድንች የእምቧይ ወገን ነው፤ ሳይበስል አረንጓዴ ሆኖ መርዝነት ያለው፣ ደርቆ ግን የሚበላ፣ ጣዕሙም ከኬክ ይልቅ ለዳቦና ለሥጋ የሚስማማ ነው። በእነዚህ መካከል ለኢትዮጵያዊ የሚያስገርመው ኮንከርቤሪ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ ነው፤ ብዙ የዕፅዋት ሊቃውንት ከአገራችን አጋም ጋር በአንድ ዝርያ ይመድቡታልና፣ በማዕከላዊና በሰሜን አውስትራሊያ የሚኖር ሕፃንና የኢትዮጵያ እረኛ በአንድ ፍሬ አፋቸውን ያጠቁራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍሬ ያልሆኑ ግን ከፍሬው ጎን የሚሠሩ ሁለት ነገሮችም አሉ። ሌመን መርትል የተባለው ዛፍ ቅጠል ከሎሚ የበለጠ የሎሚ ሽታ አለው፤ ሽታውን የሚሰጠው ሲትራል የሚባል ዘይት ነው፤ ይኸው ዘይት የጠጅ ሣርንም መዓዛ ይሠራል፤ ስለዚህ ቅጠሉን ያጣ ሰው ጠጅ ሣርና የሎሚ ልጣጭ ቢቀላቅል ይሆነዋል። ቅጠሉ ኮምጣጣ ስላልሆነ ወተትን አያበላሽም፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲያልፍ ግን ኬኩን ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል። ሁለተኛው የተቆላ የግራር ዘር ነው። አውስትራሊያ ከኢትዮጵያ ግራር ጋር የሥጋ ዝምድና ያላቸው እጅግ ብዙ የግራር ዝርያዎች ያሏት ሲሆን፣ ከአንዳንዶቹ የሚገኘው ዘር ተቆልቶ ሲፈጭ ቡናና ቸኮሌት የተቀላቀለ መዓዛ ይሰጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በፈላ ውኃ ከተነከረ በኋላ ይጨመራል። ለውዝ ለሚጠይቅ ኬክ ደግሞ ከዚያው ምድር የበቀለው ማካዴሚያ አለ። በዚህ አጋጣሚ ማካዴሚያም ዘቢብም ለውሻ መርዝ ስለሆኑ የበዓሉ ትርፍራፊ ከማዕድ በታች እንዳይወድቅ ጥንቃቄ ያሻል።

ፍሬውን የማግኘቱ ጉዳይ ከመጋገሩ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፍሬ መልቀም የተከለከለ ነው፤ በአቦርጂናል ሕዝቦች ይዞታ ላይም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም፤ ሌላውም መሬት ቢሆን በየግዛቱ የሚለያይ ሕግ አለው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ስሙ ያሳስታል። ኳንዶንግ ብቻውን ሦስት ዓይነት ነው፤ ቀዩና የሚበላው፣ መራራ የሆነው ዘመዱ፣ እንዲሁም ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው ሰማያዊ ፍሬ የሚሰጥ የደን ዛፍ፣ ሁሉም በዚያው ስም ይጠራሉ። በሰሜን ኩዊንስላንድ «የጣት ቼሪ» የተባለ፣ ስሙም መልኩም የሚጋብዝ ቀይ ፍሬ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበሉትን ሰዎች ዐይን እስከ ወዲያኛው አሳውሯል። እንግዲህ ለቤት ጋጋሪ የሚመከረው የዱር ለቀማ ሳይሆን ቀዝቅዞ፣ ደርቆ ወይም ተፈጭቶ የታሸገውን ከአምራቹ መግዛት ነው። ይህ ሲሆን የማን ምርት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዕውቀቱ የአቦርጂናል ሕዝቦች ሆኖ ሳለ ከዚህ ንግድ የሚያገኙት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነውና፣ በእነርሱ ባለቤትነት የሚሠራ አምራች ሲገኝ ጥቂት ጨምሮ መክፈል ከበዓሉ ወጪ ሁሉ የሚያስቆጭ አይደለም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እርሱም መትከል ነው። ኳንዶንግ ጎረቤት ተክል ካልተተከለለት አይጸናም፣ ፍሬውንም የሚበላ የእሳት ራት አለበት፤ ሪቤሪ ግን በግቢ ውስጥ ያለ ብዙ ልፋት ያድጋል። ሊሊ ፒሊ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት የሪቤሪና የዘመዶቹ ዛፎች በሲድኒና በሜልበርን መንደሮች የአጥር ተክል ሆነው በብዛት ስለሚታዩ፣ ብዙ ሰው በየማለዳው የሚያልፈው አጥር ፍሬው የሚበላ መሆኑን ሳያውቅ ይኖራል። አጥሩ በየጊዜው ከተከረከመ አበባ ስለማይኖረው ፍሬ አይሰጥም፤ የመንገድ ዳር ዛፍም ፀረ ተባይ ተረጭቶ እንደሆነ ሳይታወቅ አይለቀምም። በእነዚህ ከተሞች የሚኖሩ ኦርቶዶክስ ኢትዮጵያውያን የጎረቤቶቻቸው በዓል ካለፈ በኋላ በጾም ላይ ይቆዩና የራሳቸውን ገና በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ቀን ያከብራሉ፤ ቅቤና ዕንቁላል የሚገባበት ኬክም ለእነርሱ የሚፈቀደው ያን ጊዜ ነው። በየሱቁ የበዓል ዕቃ በዚያ ሳምንት በቅናሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የሚያፈራው ሪቤሪ ደግሞ ገና ከዛፉ አልወረደም።